ስለ መስክ ሠራተኛ ማደሪያና ስለ መኝታ መኪና

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፣

ከዚህ በታች የጻፍኩት አሳብ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ አርእስቱን ብቻ ላየ ሰው የቅንጦት ወሬ ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ለሚያነበው ግን፣ በተለይም በመሥሪያ ቤት ወረቀት ታዞ ከከተማ ወጥቶ ለሚያውቅ ሁሉ፣ የራሱ ጕዳይ ሆኖ ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወራት ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ጌራ፣ ወይም በበደሌ በኩል ወደ መቱ ለሥራ የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ አልጋ ማግኘት ይቸግረዋል። ነጋዴው፣ ደላላው፣ የጭነት መኪና ነጂውና ረዳቱ ሁሉ በዚያው ወራት በዚያው ከተማ ስለሚሰበሰቡ፣ ቀድሞ ያልያዘ ሰው ወይ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት በማይቋረጥ ቡና ቤት ጓሮ ያድራል፤ ወይ ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ቤት ለምኖ መደብ ላይ ይተኛል። ክትባት ለመስጠት የወጣች ነርስ፣ ፈተና ለመቈጣጠር የተላከ መምህር፣ የቡና ጥራት የሚያይ ባለሙያ፣ ቤት ለቤት እየዞረ የሚመዘግብ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ፣ ይህን ለማስረዳት የእኔን ብዕር አይሹም። ለሴት ሠራተኛ ሲሆን ነገሩ ከመቸገርም ያልፋል። መቀርቀሪያ በሌለው ክፍል ውስጥ በሩን በወንበር አስደግፋ፣ ልብሷን ሳታወልቅ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያነጋች ባልደረባ አለችኝ። በማግሥቱ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ የፈተናውን ወረቀት ማደል ነበረባት።

እኔ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ጎማው ተንፍሶ፣ የዛፍ ቅጠል ተከምሮበት ጨረታ የሚጠብቅ መኪና የማይታይበት የመሥሪያ ቤት ግቢ ጥቂት ነው። ከእነዚህም መካከል ሞተራቸው ገና ደኅና የሆነ፣ ኋላቸው መስኮት የሌለው የዕቃ መጫኛ ሚኒባሶች ይገኛሉ። ሁሉንም በብረት ዋጋ ከመሸጥ ይልቅ ሁለት ሦስቱን ጠግኖና ውስጣቸውን አሰናድቶ ሁለት ሰው ተዘርግቶ የሚተኛባቸው፣ ውሃና መብራት ያላቸው፣ ከውስጥ የሚቈለፉ የመስክ ማደሪያዎች ማድረግ ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለን መኪና በዋዛ መጣል ለማንም የሚበጅ አይደለም።

ነገሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የጀርመኑ ፎልክስዋገን ፋብሪካ ትራንስፖርተር የተባለውን ክብ አፍንጫ ሚኒባስ እ.ኤ.አ. በ1950 ማውጣት በጀመረ በዓመቱ ዌስትፋሊያ የተባለው የመኪና አካል ሠሪ ድርጅት ለዚሁ መኪና የሚሆን የካምፕ ሣጥን ሠራ። የሣጥኑ ብልኀት የሚገባና የሚወጣ መሆኑ ላይ ነው። ባለመኪናው በሥራ ቀን ዕቃውን ይጭንበታል፤ ቅዳሜ ሲሆን ሣጥኑን አስገብቶ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሐይቅ ዳር ይወጣል። ከጦርነት ገና የተነሣ ሕዝብ አንዱን መኪና ለሥራ፣ ሁለተኛውን ለዕረፍት ለመግዛት አቅም አልነበረውምና አንዱን ለሁለት ጕዳይ አዋለው። በእንግሊዝ አገርም በፎክስተን ከተማ የነበረው ማርቲን ዋልተር የተባለ ድርጅት በ1950ዎቹ ቤድፎርድ የተባለውን የዕቃ መኪና ጣራው ወደ ላይ የሚከፈት መኝታ ቤት እያደረገ ዶርሞቢል በሚል ስም ይሸጠው ነበር። ዛሬም ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን የሚወርዱ መንገደኞች በእንዲህ ያለ መኪና በአገራችን ሲያልፉ ይታያሉ፤ ሕፃናቱም ከበው በመስኮት ወደ ውስጥ ያያሉ። እኛ ትልልቆቹ ግን ነገሩን የፈረንጅ ጨዋታ ብለን አለፍነው።

ይሁን እንጂ ከፈረንጁ ይልቅ ለዚህ ዕቃ ምክንያት ያለን እኛ ነን። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በከፋ በኩል በታየ ጊዜ ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ባለሙያዎቹን በየጫካው ልኳል። ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቍጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤቶች ናቸው፤ ከፊት ያለው 74 የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. የ1974ን ዓመት ያሳያል፤ ሁለቱም የተገኙት በመቱ አካባቢ ነው። የፈንጣጣን በሽታ ከኢትዮጵያ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የተሰማሩትም ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ እየሄዱ በ1976 የመጨረሻውን ሕመምተኛ እስኪያገኙ ድረስ ያደሩት ባገኙበት ነበር። መንገዱ አሁን ተሻሽሏል፤ ማደሪያው ግን በመንገዱ መጠን አልተሻሻለም።

የእጅ ሥራው ችሎታ እንደሆነ በከተማችን ሞልቷል። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል ከላሜራ እየቀጠቀጡ የሚያወጡት፣ ሕዝቡም ቅጥቅጥ ብሎ የሰየማቸው መኪናዎች የአገራችን በያጆች ሥራ ናቸው። መስኮት ያልነበረው ሚኒባስ ጎኑ ተቈርጦ መስተዋት ገብቶለት፣ ወንበር ተበይዶለት ከጋራዥ ሲወጣ ያላየ የከተማ ሰውም ጥቂት ነው። እንጨትን በተመለከተ ከአንድ ግንድ ብቻ ተፈልፍሎ የሚወጣውን የጅማ በርጩማ የሚሠራ እጅ አንድ ተጣጣፊ አልጋ መሥራት ያቅተዋል የሚል ካለ፣ ጅረን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሰገነት አይቶ ይመለስ። (በነገራችን ላይ ይህ ሙያ ቋንቋው ሁሉ ጣልያንኛ ነው። ላሜራ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ፖርቶመጋላ እያልን አምስት ዓመት የነበረው ጠላት የተወልንን ቃል እስከ ዛሬ እንገለገልበታለን። ተማሪዎቼ የእነዚህን ቃላት ምንጭ ስነግራቸው ሁልጊዜ ይደነቃሉ።)

በወሬ ብቻ እንዳልታማ እኛ ያደረግነውን ልናገር። የእህቴ ባል ከጅማ ወደ አጋሮ ሸቀጥ የሚያመላልስበት የዕቃ መጫኛ ሚኒባስ አለው። ባለፈው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት እኔና እርሱ፣ ከአንድ የሠፈራችን አናጢ ጋር ሆነን በዚያ የጀርመን ሣጥን አሳብ ውስጡን አሰናዳነው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የእንጨት ሥራ እንደ ሒሳብ በፈተና የሚታይ ትምህርት ስለነበረ መጋዝና መላጊያ ይዤ ለመቆም አላፍርም።

የዕቃው ክፍል ርዝመቱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ስፋቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ቆሞ መሄድ አይቻልም፤ ቁጭ ማለት ግን ይቻላል። በግራና በቀኝ እንደ አባቶቻችን ቤት መደብ ሁለት ረዣዥም ሣጥኖች አቆምን። ቀን መቀመጫ ናቸው፤ በውስጣቸውም ልብስና ዕቃ ይገባል። ማታ በመካከላቸው ሦስት ሳንቃ ሲጋደም ሁለቱ መደቦች አንድ አልጋ ይሆናሉ። ከኋላው በር አጠገብ በቀረው አንድ ሜትር ላይ ሦስተኛው ሣጥን አለ፤ እርሱም ምድጃ፣ ድስት፣ ጀበና፣ ሁለት የሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ይይዛል። ሦስቱም ሣጥኖች መኪናው ሲሠራ ለዕቃ ማሰሪያ ከተበጁለት የወለል ቀለበቶች ጋር በብሎን ይታሰራሉ። ብሎኖቹ ሲፈቱ ሁለት ሰው በግማሽ ሰዓት ሁሉንም አውጥቶ ግድግዳ ያስጠጋቸዋል፤ ሰኞ መኪናው ወደ ሸቀጡ ይመለሳል። በእርግጥ የሚታሰሩት ለማምለጥ ብቻ አይደለም። በጊቤ ቍልቍለት ፍሬን ሲያዝ ያልታሰረ ሣጥን የነጂውን ጀርባ ይሰብራልና በዚህ ነገር ቸልታ አያስፈልግም። ስለዚሁ ምክንያት መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ማንም ሰው ኋላ አይቀመጥም፤ ማደሪያ እንጂ የሕዝብ ማመላለሻ አይደለም።

አናጢያችን በመጀመሪያ ዋንዛ ይሁን ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። ዋንዛ ለመሥራት የሚመች፣ ሲያረጅም ቀለሙ የሚያምር እንጨት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ለቡናው ጥላ የሚሆነው ዋንዛ እየሳሳ ሄዷል፤ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጥ በሕግ ከተጠበቁትም ዛፎች አንዱ ነው። ስለዚህ እግሩን ከግራቪሊያ ሞራሌ፣ ገጹን ከስስ ኮምፔንሳቶ አደረግነው። ቅለቱም ጠቀመን።

ስለ ሙቀትና ስለ እርጥበት ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚንቀው ይህን ነውና። አንድ ሰው ሌሊቱን በትንፋሹና በላቡ ሩብ ሊትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ያወጣል። በጅማ ዝናብ የቀዘቀዘ ላሜራ ይህን እንፋሎት ሲያገኘው ጠብታ አድርጎ ያወርደዋል፤ ያደረው ሰውም ሲነቃ ጋቢው ረጥቦ ያገኘዋል። አንድ የማውቀው ሰው ላሜራውን ከውስጥ በቡና ጆንያ አልብሶት ነበር። ጆንያው እርጥበቱን ጠጥቶ አቈየው፤ በክረምቱ ማብቂያ ላሜራው ዝጎ ተገኘ። የሚሻለው ውሃ የማይጠጣውን ነጩን ፎም ከላሜራው ጋር በደንብ ማጣበቅ፣ በላዩም ስስ ኮምፔንሳቶ ማልበስ ነው። ይህም ዝናቡ ጣራውን ሲመታው የሚያሰማውን ከበሮ ያበርደዋል። ሆኖም የትኛውም ልባስ ቢሆን የአየር መውጫ ከሌለ አይረዳም። የፊቶቹ ሁለት መስተዋቶች በሁለት ጣት ያህል ዝቅ ተደርገው፣ ትንኝ እንዳይገባ የወንፊት ሽቦ ተሠርቶላቸው ማደር አለባቸው። ወደ ጎጀብና ወደ ጊቤ ቈላ ለሚወርድ ሰው አጎበሩም አይቅር።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር መጣሁ። የእኛ ሰው ባደረበት ሁሉ ቡና ያፈላል፤ ቡና ባለበት ደግሞ ከሰል አለ። እኔ የማስተምረው ኬሚስትሪ ስለሆነ ይህን በዝርዝር ብናገር አንባብያን አይታዘቡኝ። ከሰል አየር ባነሰው ስፍራ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን ተሸክሞ የሚዞረው ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውዬው ራሱን ያመዋል፤ ድካም መስሎት ይተኛል፤ አይነሣም። ጢሱ ስላለቀና ፍሙ ስለ ቀላ አደጋው አልፏል የሚለው በየቤቱ የሚነገር አሳብ ፍጹም ሐሰት ነው። ጢስ የሌለው ፍምም ይገድላል። ከሰል ወደ ቤት አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው የቀሩ ቤተ ሰቦችን ወሬ በየብርዱ ወራት እንሰማለን፤ የመኪና ውስጥ ደግሞ ከክፍል ሁሉ የጠበበ ክፍል ነው። ስለዚህ በመኝታ መኪና ውስጥ ከሰል፣ ቡታጋዝም ቢሆን፣ አይነድም። ሞተር አስነሥቶ ለሙቀት መተኛትም እንደዚሁ ክልክል መሆን አለበት። የዚህ ዓይነት ሚኒባስ የኋላ በር ወደ ላይ የሚከፈት በመሆኑ ሲነሣ የራሱን ጥላ ይሠራል፤ ቡናው በዚያ ሥር፣ በደጅ ይፈላል። ካፊያ ቢጥልም አይነካም። እንዲያውም እኛ ባደርንበት ሁሉ የሰፈሩ ሰው መጥቶ ከሁለተኛው ስኒ የሚካፈለው በዚያ በር ሥር ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። የዕቃ መኪና የኋላ በር ብዙውን ጊዜ ከውስጥ መክፈቻ የለውም፤ ዕቃ በር አይከፍትምና። ሰው የሚተኛበት ከሆነ ግን ከውስጥ የሚከፈት እጀታ ሳይገባለት አንድ ሌሊት እንኳ ሊታደርበት አይገባም። ለዚያች ባልደረባዬ ከውስጥ መቈለፍ የሚችል በር እንዳስፈለጋት ሁሉ እሳት ቢነሣም ከውስጥ የሚከፈት በር ያስፈልጋታል።

መብራቱ ቀላል ነው። የሞተሩን ባትሪ ሳይነኩ ሌላ የ12 ቮልት፣ የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ማስቀመጥ ነው። ይህ በሒሳብ 1200 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ስለሚሞት 600ውን ብቻ እንቈጥራለን። አምስት ዋት የምትበላ አምፑል አምስት ሰዓት ብትበራ 25፣ የሁለት ሰው ስልክ 30፣ አንድ ላፕቶፕ 50 ወይም 60 ቢወስድ፣ ለአምስት ሌሊት በቂ ነው ማለት ነው። በፖርቶመጋላው ላይ የ100 ዋት ሶላር ቢታሰር በበጋ ፀሐይ በቀን ከ300 ዋት ሰዓት በላይ ይመልሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ከባትሪው አፍ አጠገብ ፊውዝ ይግባ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ደብዳቤዬ እስኪታተም ይለወጣልና። ከወጪው ትልቁ ባትሪውና ሶላሩ፣ ቀጥሎ የመኝታው ስፖንጅ እንደነበረ መናገሩ ይበቃል።

ስለ ሕጉም ላንሣ። የእኛ ሣጥን እንደ ጭነት ገብቶ እንደ ጭነት የሚወጣ ስለሆነ ከመኪናው አካል አንድ ስፍራ አልቈረጥንም፤ ወንበርም አልጨመርንም። መሥሪያ ቤት መስኮት ላስከፍት፣ ጣራውን ላስነሣ ያለ እንደሆነ ግን በሊብሬው ላይ የተጻፈው ጠባይ ይለወጣልና አስቀድሞ ለመዝጋቢው ክፍል ማስታወቅ አለበት፤ ያለዚያ ለዓመታዊው ምርመራ ሲቀርብ ቦሎ መከልከሉ አይቀርም።

አሁን አንባብያንን የማስቈጣው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተኝቶ የሚያድር ከሆነ የውሎ አበሉ ምን ይሆናል? ይህን ነገር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባነሣሁ ጊዜ የመኝታ መኪናው ምቾት ተረስቶ ክርክሩ ሁሉ ወደ አበል ዞረ። አንድ ሽማግሌ ባልደረባችን «አንተ ልጅ፣ እኛን በቆርቆሮ አስተኝተህ የልጆቻችንን የደብተር ገንዘብ ልታስቈርጥ ነው?» አሉኝ። ሳቅን፤ ነገር ግን እርሳቸው የተናገሩት ሳቅ አልነበረም። ደመወዙ ወር የማያደርስ ሰው መጥፎ አልጋ ላይ ተኝቶ ከአበሉ ጥቂት ማትረፍን እንደ ገቢ ከቈጠረው ስንት ዘመኑ ነው! በበኩሌ የምለው ይህ ነው። የአልጋው ድርሻ ለመኪናው ጥገና ይቅር፤ የምግቡ ድርሻ ግን ሳይነካ፣ በመኪናው ለሚያድረውም ስለ ጥበቃው ጥቂት ተጨምሮ ይከፈል። መኪናውም በግድ አይሁን፤ አልጋ የሚመርጥ አልጋውን ይያዝ። ይህ ካልተደረገ ግን ከላይ የጻፍኩት ሁሉ በወረቀት ይቀራል፤ ሠራተኛው የሚጐዳውን ነገር በደስታ አይቀበልምና፤ አይቀበል ማለትም አልችልም።

የመስክ መኪና ለሠርግና ለለቅሶ ይውላል የሚል ሌላ መከራከሪያ አለ። እውነት ነው፤ ይውላል። ይህ ግን የመኝታ መኪና ብቻ በሽታ አይደለም፤ የመውጫ መዝገቡ በሚገባ ይያዝ ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም። ምቾት ሠራተኛን ያሰንፋል ለሚለው ግን መልስ አለኝ። ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ ፈታኝ የፈተናውን አዳራሽ ዓይኑን ገልጦ ያያል፤ ተቀምጦ ያነጋው ግን ከተማሪው በፊት ያንቀላፋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን አሳብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ቢኖር ከአንድ መኪና እንዲጀምር፣ አንዱንም የቡና ወራት ሙሉ እንዲሞክረው፣ ሥራውንም ለከተማው አናጢዎችና በያጆች በግልጽ ጨረታ እንዲሰጥ እመክራለሁ። ከዚያ በፊት ግን በውስጡ የሚያድሩትን፣ በተለይም ሴቶቹን ሠራተኞች፣ በሩና ቍልፉ፣ መጋረጃውና ማታ የሚያስፈልገው ባለ ክዳን ባልዲ በምን ሁኔታ ይሁን ብሎ ይጠይቅ። እኛ ያን ባልዲ ያሰብነው እኅቴ ከጠየቀችን በኋላ ነው።

የእኛ መኪና አሁን ሸቀጥ ላይ ነው። ሣጥኖቹ በእህቴ ቤት በረንዳ ላይ ተደርድረው ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ይሠሩባቸዋል። በመጪው የዕረፍት ሳምንት በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ ልንወጣበት አስበናል፤ የኋላው በር ጎሚኒ ውሃ ስለሚያሳልፍ እስከዚያ ድረስ ሌላ እየፈለግን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከጅማ